አንድ ግቢ ለሁለት ቤት
ከኮርንዋል የባሕር ዳርቻ የምንማረው

(ለደጋፊ አጥቢያዎች ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



 

ባለፉት ወራት ከየአጥቢያው ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱ ተደጋግሞ መጥቷል። ለወጣቶች ልናሠራው ያሰብነውን ማሠልጠኛ ከሌላ ድርጅት ጋር በጋራ እንድንይዘው ሐሳብ መቅረቡን ታውቃላችሁ። ጥያቄውም፣ «የእኛ መባ ሁለት ስም በተጻፈበት በር ለምን ይገባል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ላብ ነውና ማን እንደሚጠብቀው ልትጠይቁ ይገባችኋል። ዛሬ ይህን ጥያቄ የምንመልሰው ከራሳችን ቤት ጀምረን ሳይሆን፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ግቢ ተካፍለው የተቀመጡበትን የአንድ ሩቅ አገር የባሕር ዳርቻ ታሪክ በመመልከት ነው። ታሪኩን የመረጥነው ሁሉ ነገር ስለ ተሳካበት አይደለም። ያገኙትም የከፈሉትም በግልጽ ስለሚታይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፍራው

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩባት ባዝ የምትባለው ከተማ በእንግሊዝ አገር ምዕራባዊ ክፍል መሆኗን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢጓዙ ኤክሰተር ከተማ ይደረሳል። ከኤክሰተርም አልፎ የታማር ወንዝን ሲሻገሩ ኮርንዋል የሚባለው ምድር ይጀመራል። ኮርንዋል እንደ ጣት ወደ ውቅያኖስ የተዘረጋ ምድር ነው። በሰሜን፣ በደቡብና በምዕራብ ባሕር ይከበዋል፤ በምሥራቅ ደግሞ ወንዙ ይለየዋል። በ2021 በተደረገው ቆጠራ 570,000 ያህል ሰዎች ይኖሩበት ነበር።

የዚህ ሕዝብ እንጀራ ከሁለት ጉድጓድ ይወጣ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱ ባሕሩ ሲሆን ሁለተኛው የማዕድን ጉድጓዱ ነው። ከባሕሩ ሰርዲን የሚመስል ዓሣ እያጠመዱ፣ በጨው እያደረቁ እስከ ጣሊያን አገር ይልኩ ነበር። ከመሬቱ ደግሞ መዳብና ቆርቆሮ ያወጡ ነበር። ቆርቆሮ ስንል ቤት የምንከድንበትን ሳይሆን ከናስና ከእርሳስ ጋር የሚቆጠረውን ማዕድን ማለታችን ነው።

ይሁን እንጂ በ1860ዎቹ የመዳቡ ዋጋ ወደቀ። በሺህ የሚቆጠሩ የማዕድን ሠራተኞች ቤተሰባቸውን ትተው ወደ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዱ። በሄዱበት አገር «የአጎት ልጅ ጃክ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። ምክንያቱ፣ እንደሚባለው፣ አንድ የሥራ ቦታ በተገኘ ቁጥር «አገር ቤት ጃክ የሚባል የአጎት ልጅ አለኝ፤ ይምጣና ይሥራ» ስለሚሉ ነው። ወንድም ወንድሙን እየጠራ መንደር እንዴት ባዶ እንደሚሆን እኛም የምናውቀው ነገር ነው።

የቀሩትም ጉድጓዶች አንድ በአንድ ተዘጉ። በጥቅምት ወር 1985 የቆርቆሮ የዓለም ገበያ በድንገት ወደቀ። የመጨረሻው የቆርቆሮ ማዕድን ሳውዝ ክሮፍቲ በመጋቢት 1998 በሩን ዘጋ። በዚያ ማዕድን የውጭ ግንብ ላይ ዓሣውም ማዕድኑም ካለቀ ወጣቶቹ ምን ሊሆኑ ነው ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ በትላልቅ ፊደላት ተጽፎ ነበር። በዚያ ጊዜ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

ለመማር የሚሻ ወጣትም ቢሆን አገሩን መልቀቅ ነበረበት። ኮርንዋል የራሱ ዩኒቨርሲቲ አልነበረውም። ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ታማርን ይሻገራል፤ ከተሻገሩትም ብዙዎቹ አይመለሱም ነበር። የሚቀረው ሥራ አብዛኛው ለበጋ ጎብኚዎች አልጋ ማንጠፍና ምግብ ማቅረብ ነው። ክረምት ሲገባ ያም ይቆማል።

የቀድሞው ጥማት

ይህን ስንል ሕዝቡ ትምህርት አይወድም ነበር ማለታችን አይደለም። ፔንሪን በምትባለው ትንሽ ከተማ በ1265 የኤክሰተር ጳጳስ ግላስኒ የተባለ የካህናት ማኅበርና የትምህርት ቤት አቋቁመው ነበር። በዚያም በአገሩ ቋንቋ፣ ማለትም በኮርንዋልኛ፣ መንፈሳዊ ድራማ ይጻፍ እንደ ነበር ይነገራል። በ1540ዎቹ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ፤ ሕንፃውም ፈርሶ ድንጋዩ ለሌላ ቤት ሆነ።

ከዚያም በ1700ዎቹ ጆን ዌስሊ በዚያ አገር እየተዘዋወረ ሰበከ። መሬቱ በማዕድን ሥራ ምክንያት ሰርጎ እንደ ጎድጓዳ ሣህን በሆነው በግዌናፕ ጉድጓድ ከ1762 እስከ 1789 ደጋግሞ ለማዕድን ሠራተኞች ተናገረ። በየመንደሩ በተሠሩት የጸሎት ቤቶችና በሰንበት ትምህርት ቤቶቻቸው ብዙ የሠራተኛ ልጆች ፊደል ቆጠሩ።

በ1833 ደግሞ በፋልማውዝ ወደብ አንድ የጥበብና የእጅ ሙያ ማኅበር ተመሠረተ። አሳቡም የሠራተኛው ሰው የፈጠራ ችሎታ እንዲወጣና እንዲሸለም ነበር። በዚያ ዘመን ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ሲቆፍሩ ውለው፣ ወደ ላይ ለመውጣት በመቶ ሜትር የሚቆጠር መሰላል ይወጡ ነበር። ብዙዎቹም በዚህ ምክንያት ሳንባቸውና ልባቸው ይጎዳ ነበር። ማኅበሩ ለዚህ መፍትሔ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት አቀረበ። በ1842 ሰውን ደረጃ በደረጃ የሚያወጣ መሣሪያ በአንድ ማዕድን ተተከለ።

ይህን ታሪክ ልብ እንድትሉት እንለምናለን። ትምህርት ወደ አንድ አካባቢ ሲመጣ የመጀመሪያው መመዘኛ ይህ ነው፤ መሰላል የሚወጣውን ሰው ድካም አቀለለለትን?

ሁለቱ ቤቶች እንዴት ተገናኙ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በፋልማውዝ ከተማ በ1902 የተመሠረተ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር። እያደገ ሲሄድ በከተማው ውስጥ ያለው ግቢ ጠበበው። በ1998፣ ማለትም ሳውዝ ክሮፍቲ በተዘጋበት በዚያው ዓመት፣ በፔንሪን አጠገብ ትሬሞ የሚባለውን ሰፊ ቦታ ገዛ። ቦታው ቀደም ሲል የካቶሊክ ደናግል የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ያካሂዱበት የነበረ፣ አሮጌ ቤትና የአትክልት ስፍራ ያለው ነበር።

በሌላ በኩል የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከፔንሪን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ቢሆንም በኮርንዋል ውስጥ አንድ አደራ ነበረው። በ1888 የተመሠረተው የካምቦርን የማዕድን ትምህርት ቤት በ1993 ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ ነበርና ነው።

እንግዲህ ሁለቱን አስቡአቸው። አንዱ ቦታ አለው፤ ግን ብቻውን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን አይችልም። ሌላው የዩኒቨርሲቲ ስምና ልምድ አለው፤ ግን በዚያ ምድር በቂ ቦታ የለውም። በዚህ ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት የኮርንዋልን ገቢ መዝኖ ከኅብረቱ አማካይ ከመቶ 75 በታች ሆኖ ስላገኘው፣ ከ2000 እስከ 2006 ለሚቆየው ለድኾች ክፍለ አገሮች ለተመደበው ከፍተኛ እርዳታ ብቁ አደረገው። ገንዘቡ ሊመጣ የሚችለው ግን አካባቢው አንድ ሆኖ የሚያቀርበው ሐሳብ ካለ ነበር። ስለዚህ የኤክሰተርና የፋልማውዝ ትምህርት ቤቶች፣ ከሌሎች የአካባቢው ኮሌጆችና ከፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ «በኮርንዋል የተጣመሩ ዩኒቨርሲቲዎች» በሚል ስም ኅብረት ፈጠሩ። በ2004 የጋራው ግቢ በትሬሞ ተከፈተ፤ የማዕድን ትምህርት ቤቱም ወደዚያው ተዛወረ። ግቢው ኋላ የፔንሪን ካምፓስ ተባለ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም በ2005 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ2012 ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። በግቢው ውስጥ ከተሠሩት የተማሪዎች መኖሪያዎች ለአንዱ የሰጡት ስም ግላስኒ ነው። ከ450 ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረው የትምህርት ቤት ስም በዚያችው ከተማ እንደገና ተጠራ።

የጋራው ምንድር ነው? የየግሉስ?

በዚህ ነጥብ ላይ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን በተለይ እንድታተኩሩ እንፈልጋለን። ሁለቱ ቤቶች ሁሉን ነገር አልቀላቀሉም። እያንዳንዱ የራሱን ትምህርት ያስተምራል፤ የራሱን ተማሪ ይቀበላል፤ የራሱን ዲግሪ በራሱ ስም ይሰጣል። አንዱ ሥነ ሕይወትን፣ የመሬት ጥናትን፣ ማዕድንንና ታዳሽ ኃይልን ሲያስተምር፣ ሌላው ፊልምን፣ ፎቶግራፍን፣ ሙዚቃንና የእጅ ጥበብን ያስተምራል።

በጋራ የያዙት ግን ማንም ብቻውን ቢሠራው ኪሳራ የሚሆንበትን ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የተማሪዎች መኖሪያውን፣ የምግብ አዳራሹን፣ የኮምፒዩተር መስመሩን፣ የስፖርት ቦታውንና የተማሪዎች ማኅበሩን። ይህንንም «እስቲ በመግባባት እንይዘዋለን» ብለው አልተዉትም። ሁለቱም ባለቤት የሆኑበት አንድ የአገልግሎት ኩባንያ አቋቋሙ። አምፖል ሲቃጠል፣ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ መጽሐፍ ሲጠፋ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ታወቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ነገር ግን ሎሚውን የሚቆጥር ሰው ከሌለ ሃምሳው ሰዎች መጣላታቸው አይቀርም።

ለባሕር ዳርቻው ያስገኘው ጥቅም

ግቢው ለአካባቢው ምን ሠራ ብለን ስንጠይቅ አራት ነገር እናገኛለን።

አንደኛ፣ የአካባቢው ልጅ ከእናት ከአባቱ ቤት ሆኖ ዲግሪ ሊማር የሚችልበት በር ተከፈተ። ኪራይ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከምድሩና ከባሕሩ ጋር ተያያዘ። በ2013 የአካባቢና የዘላቂ ልማት ጥናት ተቋም በግቢው ተከፈተ። ተመራማሪዎቹ የባሕር ኤሊዎችን፣ የባሕር ወፎችንና ዓሣውን ያጠናሉ፤ የአየር ንብረት ለውጥ በባሕር ዳርቻ ሕዝብ ላይ የሚያመጣውንም ይመረምራሉ። ያረጀ የሚመስለው የማዕድን እውቀትም ከንቱ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ ለባትሪ የሚፈለገው ሊትየም በኮርንዋል ምድር መኖሩ ታውቆ ፍለጋው ስለ ቀጠለ፣ የማዕድን ትምህርት ቤቱ እውቀት ዳግመኛ ተፈላጊ ሆኗል።

ሦስተኛ፣ በትሩሮ ከተማ በሆስፒታሉ ግቢ በ2011 የአካባቢንና የሰውን ጤና ግንኙነት የሚያጠና ማእከል ተመሠረተ። እዚያ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ በእንግሊዝ አገር ከባሕር አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ጤንነታቸው የተሻለ መሆኑን እንደሚናገሩ አሳየ።

አራተኛ፣ አንድ ነገር ሌላውን ሳበ። ከትሩሮ ወደ ፋልማውዝ በሚወስደው ነጠላ የባቡር ሐዲድ ላይ በ2009 በፔንሪን ጣቢያ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ተጨማሪ መስመር ተሠራ። በሰዓት አንዴ ይመጣ የነበረው ባቡር በየግማሽ ሰዓቱ መምጣት ጀመረ። በዚህ ባቡር የሚሄደው ተማሪ ብቻ አይደለም። ወደ ሆስፒታል የምትሄደዋ አሮጊትም ትሳፈርበታለች።

ያስከፈለው ዋጋ

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ብናቆም ግማሹን እውነት ደብቀን መሄዳችን ነው።

ተማሪ ሲመጣ የሚያድርበት ቤት ይሻል። ኮርንዋል ቀድሞውኑ ሀብታም ሰዎች ለበጋ ማረፊያ ቤት የሚገዙበት አገር ስለ ሆነ ኪራዩ ከባድ ነበር። በፋልማውዝና በፔንሪን የቤተሰብ መኖሪያ የነበሩ ቤቶች በክፍል በክፍል ለተማሪ ይከራዩ ጀመር። በግቢው የግንባታ ፈቃድ የተማሪው ቁጥር ከ5,000 እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር። ጣሪያው ከፍ ይበል በተባለ ጊዜ ነዋሪው ተቃወመ። በ2017ም የቤተሰብ ቤትን ያለ ፈቃድ ወደ ተማሪዎች ማደሪያ መለወጥ በፋልማውዝ ተከለከለ። ልጁን ያስተምርልኛል ብሎ በደስታ የተቀበለው አባት፣ ያው ልጅ ተመርቆ ጎጆ ሲወጣ የሚከራየው ቤት ቢያጣ ምን ይላል?

ከዚህም ሌላ፣ ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ ከሩቅ መጥተው የተማሩ ስለ ሆኑ ተመልሰው ይሄዳሉ። የአካባቢው ደመወዝ ዝቅተኛ ስለ ሆነም መቅረት የሚፈልገው ሁሉ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲ ወጣቱን ሊያስተምረው ይችላል፤ ሥራ ግን ዩኒቨርሲቲ ብቻውን አይፈጥርም።

በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቅር በሚለው ምርጫ፣ ኮርንዋል ከመቶ 56.5 በሆነ ድምፅ መውጣትን መረጠ። ያን ሁሉ የኅብረቱን ገንዘብ የተቀበለው ክፍለ አገር ማለት ነው። ስለ ምርጫው ፍርድ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን እኛ የእርዳታ ሠራተኞች ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። በግንቡ ላይ የለጋሹን ስም የያዘ ሰሌዳ መስቀልና ሕዝቡ «ይህ የእኔ ነው» ማለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መለያየትም አለ። ኤክሰተርና ፕሊማውዝ በጋራ ያቋቋሙት የሕክምና ትምህርት ቤት በ2002 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀብሎ ነበር። በ2012 ግን ሁለቱ ለመለያየት ወሰኑ፤ ከ2013 ጀምሮም እያንዳንዱ የራሱን ከፈተ። ሆኖም መለያየቱ በሥርዓት ስለ ተደረገ ተማሪው ሜዳ ላይ አልቀረም፤ በትሩሮ ሆስፒታል የሚሰጠውም የሕክምና ትምህርት አልተቋረጠም።

ወደ እኛ ጉዳይ

አሁን ስለ ራሳችን እንናገር፤ የምንናገረውም ለውርደታችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ ከተማ የሦስት ድርጅቶች መጋዘኖች በአንድ መንገድ ዳር ተሰልፈው ነበር። አንደኛው የእኛ ነበር። ሦስቱም የየራሳቸው ዘበኛ፣ የየራሳቸው ጄኔሬተር፣ የየራሳቸው አጥር ነበራቸው። በአንድ ቀን፣ ወደ አንድ ገበያ፣ ሦስት መኪናዎች እየተከታተሉ ግማሽ ጭነት ይዘው ይወጡ ነበር። አንድ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ እርስ በርሳችሁ አትነጋገሩም እንዴ?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ያ የባከነው ነዳጅ ከእናንተ መባ የወጣ ነበር።

ስለዚህ «ለምን ሁለት ስም በተጻፈበት በር?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የአንድ ስም በር ለእኛ ክብር ይሆናል፤ ለወጣቶቹ ግን ሁለት ግማሽ ቤት ከሚሠራላቸው አንድ ሙሉ ቤት ይሻላቸዋል። ይሁን እንጂ ከኮርንዋል እንደ ተማርነው፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮች በወረቀት ላይ እንዲሰፍሩ እንጠይቃለን።

ሀ/ የጋራው ምን እንደ ሆነና የየግሉ ምን እንደ ሆነ ተለይቶ ይጻፍ።

ለ/ ቁልፉን፣ ውኃውንና ሒሳቡን የሚይዝ፣ ለሁለቱም የሚጠየቅ አንድ አካል ይሰየም።

ሐ/ የአካባቢው ሰዎች ግንባታው ሳይጀመር በፊት ይማከሩ። ሠልጣኙ የት እንደሚያድርና የማን ኪራይ እንደሚጨምር ቀድሞ ይታሰብ።

መ/ አንድ ቀን መለያየት ቢመጣ ሠልጣኞቹ የማይበተኑበት መንገድ ከአሁኑ ይወሰን።

እነዚህ አራቱ ካልተሟሉ ገንዘባችሁን እንድትይዙ እኛው ራሳችን እንመክራችኋለን። ከተሟሉ ግን በስም ምክንያት ወደ ኋላ አንበል። በዚያ ማዕድን ግንብ ላይ የተጻፈው ጥያቄ በእኛም ወጣቶች ልብ ተጽፏል። ሲጠይቁን የማን ሰሌዳ እንደ ተሰቀለ ብናሳያቸው መልስ አይሆናቸውም።

በየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ይህን አሳብ ለምእመናኑ አቅርቡላቸው፤ ተወያዩበት፤ የተቃወመውንም ሰው አሳብ ሳትተዉ ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ስብሰባችን የእናንተን መልስ ይዘን እንነጋገራለን።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።